የአንድ ቀን ፍሬን

ከሚሴ ላይ እንደ እኔ ስለ ፍሬን የሚያወራ፣ እንደ እኔም ፍሬኑ የማይይዝለት ሰው ያለ አይመስለኝም። የፊዚክስ መምህር ነኝ። የ11ኛ ክፍል ልጆች የሰበቃ ኃይል ሲሰለቻቸው ሰሌዳው ላይ ጎማ እስላለሁ። የሚሽከረከር ጎማ መሬቱን ለምን ጨብጦ እንደሚይዝ፣ ተቆልፎ የሚንሸራተት ጎማ ለምን እንደሚከዳ በቀስት በቀስት አድርጌ አሳያለሁ። ቡና ላይም ያው ነኝ። አንድ ሹፌር "ፍሬኗ ትንሽ ሰንፋለች" ብሎ አፉን ከከፈተ ወሬው ከዚያ ወዲያ የእሱ አይደለም። ዲስኩን፣ ታምቡሩን፣ ሸራውን ተንትኜ ስጨርስ ሹፌሩ ተሳፋሪ ሞልቶለት ከሄደ ቆይቷል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። በመምህር ደመወዝ ቪትዝ እንደማይገዛ አንባቢ ያውቃል፤ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ነው የተገዛችው። ይህን የማነሳው ጥፋቴ ቀለል ብሎ እንዳይታይ ነው። በደወለች ቁጥር "መኪናዋ እንዴት ናት?" ትለኛለች። "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። "ፍሬኗ ብቻ..." የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣና እዚያው ይቆማል። ፍሬኔ በሰዓቱ የሚይዘው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቦሎ የሚባል ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማለፍ አለበት። ባለቤቱ የሦስተኛ ወገን መድኑን ይዞ ሄዶ ያስመረምራል፤ ካለፈ የማለፊያ ምልክቷን የፊት መስታወቱ ላይ ይለጥፋል። እኛ ዘንድ ግን ምርመራውም፣ ወረቀቱም፣ ጭንቀቱም ቦሎ ነው። ቦሎ ሲደርስ እሳት ማጥፊያውን ከጎረቤቴ ሱቅ እዋሳለሁ፤ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን ከአንድ የዶልፊን ሹፌር፣ ስኮርታ ጎማውን ከሥራ ባልደረባዬ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ የራሴ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው እንጂ። መኪናዋ በዓመት አንዲት ቀን ምንም ሳይጎድላት ትውላለች፤ በማግስቱ ዕቃው ሁሉ ወደየባለቤቱ ይመለሳል።

የሚያሳፍረው ደግሞ በትምህርት ቤታችን ኩረጃ በመያዝ የምታወቀው እኔ መሆኔ ነው። መዳፉ ላይ ፎርሙላ የጻፈ፣ ካልሲው ውስጥ ወረቀት የሸጎጠ፣ አዞረኝ ብሎ ሽንት ቤት የሚመላለስ ልጅ አያመልጠኝም። አዲስ መምህራን "እንዴት ትይዛቸዋለህ?" ሲሉኝ "ልምድ ነው" እላለሁ። የምን ልምድ እንደሆነ አላብራራም።

እኔ የማስመረምረው ኮምቦልቻ ወጥቼ ነው። ከከሚሴ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሰው በዚህች መንገድ ላይ ስንት ሰበብ ሊያዘጋጅ እንደሚችል አይገመትም። የፍሬን መመርመሪያው ማሽን ሲያዩት የሚያስፈራ አይደለም። ወለሉ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀበሩ ሮለሮች አሉ፤ መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ይወጡባቸዋል፣ ቀጥሎ የኋላዎቹ። ሞተር ሮለሮቹን ያዞራል፣ ሮለሮቹ ጎማውን ያዞራሉ፤ ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ "ቀስ እያሉ ይርገጡ" ይባላል። ፍሬኑ ጎማውን ለማቆም ሲታገል ጎማው ሮለሩን ይይዘዋል፤ ማሽኑ ያንን ትግል የግራውን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ ይለካል። የሁሉም ጎማዎች ኃይል ተደምሮ ከመኪናው ክብደት ጋር ሲነጻጸር የፍሬኑ ብቃት በመቶኛ ይወጣል። ታምቡሩ ክብነቱን ካጣም ኃይሉ በየዙሩ ከፍ ዝቅ ሲል እዚያው ይታያል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለማወቅ ጓጉቼ አይደለም። ፈተና የሚያወጣውን መምህር ጠባይ እንደሚያጠና ተማሪ፣ ማሽኑ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ለመለየት ነው።

በዚህ ጥናቴ የአውሮፓ ኅብረት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን የምርመራ መመሪያ ሳይቀር ደርሼበታለሁ። ለቤት መኪና የእግር ፍሬን ብቃት ቢያንስ 50 በመቶ ይላል፤ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለተመዘገበች ደግሞ 58 በመቶ። ልጆቼ እንዲያሰሉት ሰጥቻቸው አውቃለሁ። በ50 በመቶ ብቃት፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 28 ሜትር ገደማ ሄዳ ትቆማለች። ሹፌሩ አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ከፈጀበት 17 ሜትር ይጨመራል። ድምሩ 45 ሜትር ነው። እሁድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ ገበያ ያለፈ ሰው 45 ሜትር ባዶ አስፋልት የት እንደሚገኝ ይንገረኝ። ፍየሉ፣ አህያው፣ ባጃጁ፣ ጭነት የተሸከመ ግመል አለ። በበጋ ከብቱ ወደ ጨፋ ረግረግ ሲወርድ ደግሞ መንገዱ የከብቶቹ ነው፤ እኛ እንግዶች ነን። ልጆቹ ስሌቱን ሠርተው "ቲቸር፣ ያንተ መኪና ስንት በመቶ ናት?" ብለው ጠየቁኝ። "ወደ ቀጣዩ ርዕስ እንለፍ" አልኩ።

ያው መመሪያ ሌላም ነገር ይላል። በአንድ አክስል ላይ ካሉት ሁለት ጎማዎች የአንዱ ፍሬን ኃይል ከሌላኛው 70 በመቶ በታች ከሆነ መኪናዋ ትወድቃለች፤ ምክንያቱም ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደሚበረታው ጎን ትዞራለች። ይህን እያወቅሁ ያደረግሁትን ልናገር።

ስኮርታ ጎማ የሚያውሰኝ ባልደረባዬ የሒሳብ መምህር ነው፤ እሱም ቪትዝ አለው። የፊት ፍሬን ሸራ አራት ሆኖ በአንድ ካርቶን ነው የሚሸጠው፣ ለየጎማው ሁለት ሁለት። ዋጋውን ስንሰማ ተያየን። ባለሱቁ ሐሳባችን ገብቶት "ኧረ ቲቸሮች፣ አራቱም ላንድ መኪና ነው" አለ። የሒሳቡ መምህር "አንዱ ወገን አዲስ፣ አንዱ ወገን አሮጌ ቢሆን አማካዩ ያው ነው" አለኝ። እኔ፣ ሁለት እኩል ያልሆኑ ኃይሎች በአንድ አካል ግራና ቀኝ ሲያርፉ ምን እንደሚከተል ለማስተማር ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው፣ "እውነትህን ነው" አልኩ። ግማሽ ዋጋ ሲባል ኒውተንም ዝም ይላል። ሁለት ሁለቱን ተካፈልን። መካኒኩ ልጅ ለእኔ በቀኝ ገጠመልኝ፤ ለእሱ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በግራ። ከዚያ ወዲያ ፍሬን ስንይዝ እኔ ወደ ቦዩ፣ እሱ ወደሚመጣው መኪና ማዘንበል ጀመርን። ማን ይሻላል በሚለው ላይ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን።

የእጅ ፍሬኔ ድንጋይ ነው። ሌላ ጌጥ የለውም። ዳገት ላይ ስቆም ወርጄ ከጎማው ሥር አስቀምጣለሁ፤ ረዳት ስለሌለኝ "ጣል!" ባዩም ጣዩም እኔው ነኝ። ስነሳ ድንጋዩን ረስቼ አስፋልት ላይ የተውኩባቸው ጊዜያት አሉ። ከኋላዬ የሚመጣው ሹፌር ማንን እንደሚረግም አውቃለሁ፤ እኔም መንገድ ላይ ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር ያንኑ ሰው እረግማለሁ። ለቦሎ ግን ድንጋይ ይዞ አይገባም። በአውሮፓው መመሪያ ለእጅ ፍሬን የሚጠየቀው 16 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህን ያህልማ አያቅተኝም ብዬ በዋዜማው ማታ ገመዱን አጠበቅሁት። ጨለማ ነበር፤ መጠኑን አላወቅሁም። ቢበዛ ይሻላል ብዬ ደግሜ አጠበቅሁት።

ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ከብዳለች። ሐርቡ ሳልደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከፊቴ አንድ ሲኖ ጭነት ይዞ እየተጎተተ ስለነበር የሸተተው እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ "እነዚህ ሰዎች ፍሬናቸውን አያዩም" ብዬም ተቆጣሁ። ሲኖው ወደ ነዳጅ ማደያ ገባ። ሽታው ግን ከእኔ ጋር ቀጠለ።

አሁን ወደ ዋናው እመጣለሁ፣ ወደ ኤቢኤስ። ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት ትምህርቴ ይህ ነው። ጎማ ሲቆለፍ ሁለት ነገር ይጠፋል፤ ከሰበቃው የተወሰነው፣ ከመሪው ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል። የተቆለፈ ጎማ ወደየትም ቢዞር መኪናዋ የምትሄደው ወደጀመረችበት ነው። ኤቢኤስ በየጎማው ባለ ጥርስ ቀለበት አጠገብ በተተከለ ሴንሰር የጎማውን ፍጥነት ይከታተላል። አንዱ ድንገት ከሌሎቹ ዘግይቶ ሊቆለፍ ሲል የፍሬን ዘይቱን ግፊት ለቀቅ፣ መልሶ ያዝ፣ እንደገና ለቀቅ ያደርጋል፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ። እግር ሥር የሚሰማው መርገፍገፍ እሱ ነው። እንግሊዞቹ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን በተወሰደ መካኒካል መሣሪያ በጄንሰን መኪና ላይ ሞከሩት፤ ዛሬ የምናውቀውን ኤሌክትሮኒኩን ቦሽ ሠርቶት በ1978 (እ.ኤ.አ.) መርሴዲስ ላይ ተገጠመ። ይህንንም ቡና ላይ ተናግሬዋለሁ። የማልናገረው የእኔ ኤቢኤስ መብራት ሌት ተቀን ቦግ ብሎ እንደሚኖር ነው።

የአንዱ የኋላ ጎማ ሴንሰር ተበላሽቷል። ኩሽኔታ ሲቀየር ገመዱ ተቆርጦ ይሁን፣ ጭቃ ገብቶበት ይሁን አላጣራሁም፤ ማጣራት ወደ መግዛት ይወስዳል። ሴንሰሩ ሲጠፋ ኤቢኤስ ራሱን ያገልላል፤ ፍሬኑ እንደ ድሮ መኪና ይሠራል፣ መብራቷ ብቻ ትከሳለች። እኔም ለመብራቷ መልስ አዘጋጅቼላት ነበር። በጠጠር መንገድ ላይ የተቆለፈ ጎማ ከፊቱ ጠጠር ስለሚከምር፣ ኤቢኤስ የሌላት መኪና አንዳንዴ ፈጥና ትቆማለች። ይህ እውነት ነው። እኔ ግን ከአስፋልት ወርጄ የምነዳው ሠርግ ሲኖር ነው። መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለክል ደግሞ ሁለተኛ መልስ አገኘሁ፤ ዘመኗ እያለፈ ላለ መኪና ሴንሰር መግዛት ምን ይባላል? በዚያው ሰሞን የቪትዝ ዋጋ መውጣቱን ለዚህ ክርክር ስል አላነሳም።

ከጥናቴ ያገኘሁት ትልቁ ምሥጢር ይህ ነበር፤ ሮለሩ ኤቢኤስን መፈተን አይችልም። በእግረኛ ፍጥነት ኤቢኤስ አይነቃም። ስለዚህ በሌላም አገር ቢሆን መርማሪው የሚያየው በአብዛኛው መብራቷን ነው፤ ከዚያ ሴንሰሮቹንና ሽቦዎቹን በዓይን። መብራቷን ካጠፋሁ አበቃ ማለት ነው። ዳሽቦርዱን ፈትቼ በመብራቷ ላይ ጥቁር ናስትሮ ለጠፍኩ፤ ሁለት ድርብ። መልሼ ስገጥመው ጨለማ ሆነች። ራሴን አደነቅሁ። ስለ እውነት፣ በሕይወቴ የሠራሁት ብቸኛው ንጹሕ የኤሌክትሪክ ሥራ እሱ ነው።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። መጀመሪያ የኋላውን ታምቡር በእጁ ሊነካ ጠጋ ብሎ ሙቀቱ መለሰው፤ አየኝና ምንም አላለም። ሮለሩ ላይ ስወጣ የፊት ግራና ቀኝ ቁጥሮች የአንድ መኪና አይመስሉም ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ማታ እንደ ክራር ክር ያጠበቅሁት ነገር ሸራው በሙቀት ተቃጥሎ እንደ ሳሙና ይንሸራተት ጀመር። ድንጋዩ እንኳ ከዚያ ይሻል ነበር።

"ሞተሩን ያጥፉና ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ" አለኝ።

ከፈትኩ። የዘይቷ መብራት በራች፣ የባትሪዋ በራች፣ የእጅ ፍሬኗ በራች። እሱ የማትበራዋን ፈለገ።

"ኤቢኤስ የላትም?"

"የላትም" አልኩ።

ኮፈኑን ከፈተ። ከሞተሩ ጎን ቀጫጭን ቱቦዎች የወጡባትን የብረት ሳጥን በጣቱ አሳየኝ። "ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?"

የፊዚክስ መምህሩ፣ የቦሽን ታሪክ ከነዓመተ ምሕረቱ የሚያውቀው ሰው፣ "እሷማ... ስትገዛም አብራ ነበረች" አልኩ።

"ቁልፍ ሲከፈት መብራት አለባት፤ ራሷን ፈትሻ ደህና ከሆነች ትጠፋለች" አለኝ። "ጨርሶ ካልበራች ታማለች ወይም ተሸፍናለች ማለት ነው።" ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው። እኔ የኮረጀ ልጅ ስይዝ ድምፄ ሦስት ክፍል ድረስ ይሰማል።

ያጠናሁትን ሁሉ አጥንቼ ያላጠናሁት ይህንኑ ነበር፤ መልሱ ባዶ ቦታ አይደለም፣ መብራትም መጥፋትም ነው። የወደቅሁባቸው ነገሮች ተጽፈው ተሰጡኝ። ከሚሴ ስመለስ ሰው ሁሉ "አለፈች?" ይለኛል፤ "ቀጠሮ ሰጡኝ" እላለሁ። ውሸት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ታረምኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት ግን የመኪና ኤሌክትሪክ ወደሚሠራ አንድ ጎረምሳ ነው። ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። "አብሽር ቲቸር" አለኝ፣ "ከዘይት መብራቷ ጋር አገናኛታለሁ። አብራ ትበራለች፣ አብራ ትጠፋለች፤ ማንም አይነቃባትም።" ዋጋውን ጠየቅሁ፤ መጠየቄን አልክድም። ከዚህ ያዳነኝ ሕሊናዬ ቢሆን እጽፈው ነበር። ልጁ ለዘመድ ሠርግ ወደ ባቲ ሄዶ ሳይመለስ ቀጠሮዬ ደረሰ፣ በቃ። አንድ የማውቀው ሹፌር ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር አመጣልኝ። የእጅ ፍሬን ገመድና የኋላ ሸራ በአዲስ ተቀየረ። የፊቱን በተመለከተ ከሒሳቡ መምህር ጋር ድርድር ገባን፤ እኔ የእሱን ግማሽ ልግዛ አልኩ፣ እሱ የእኔን። እሱም በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ ነበርና። ሁለታችንም መሸጥ ሳይሆን መግዛት ፈለግን፤ በመጨረሻ ያው ባለሱቅ ዘንድ አንድ አንድ ሙሉ ካርቶን ገዛን። ተካፍለን ካወጣነው ጋር ሲደመር አንድ ተኩል ዋጋ ነው። ባለሱቁ ምንም አላለም፤ ሻይ ብቻ ጋበዘን።

መኪናዋ አለፈች። እሳት ማጥፊያውን መለስኩ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የፍሬን ዘይቱ። መቼ እንደተቀየረ አላውቅም፤ ቀለሙ የጠጅ ነበር፣ አሁን ወደ ቡና ሄዷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ ጎማው ምንም አይሰማውም። ሹፌሮች ፍሬን በጠሰ ከሚሉት አንዱ ይኸው ነው። ከሚሴ ላይ ሜዳ ነውና ምንም ላይሆን ይችላል። ግን ከአዲስ አበባ ስመለስ ጣርማ በር አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈረውን ዋሻ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ በደብረ ሲና ዞሮ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት መውረድ ነው። ሰው ከነዕቃው የጫነች ቪትዝ 1,200 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ በዚያ ቁልቁለት 20 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ትጥላለች። ሦስት ጀሪካን፣ 60 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ካላገዘው፣ ነፋሱም ከሚወስደው ከተረፈ፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው አራት ትንንሽ ፍሬኖች ላይ ነው። ይህንን ስሌት ለልጆቹ እሰጣለሁ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ከልጆች አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ትልቅ ነገር ሳስተምር፣ ሰሌዳው ሞልቶ፣ ላቤ ፈስሶ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?" ይላል። ያን ቀን ትምህርቱ ይቀርና ስለ ዕውቀትና ስለ ሕይወት ረጅም ተግሣጽ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት መካኒኩ ልጅ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ቲቸር፣ ይሄ ሁሉም ተደፍቶ መቀየር አለበት" አለኝ።

"ቦሎ ላይ ያዩታል?" አልኩት።

"መጠኑን ነው የሚያዩት። መሙላቱን ብቻ።"

"ሞልቷል?"

"ሞልቷል።"

"እንግዲያው ክደነው" አልኩት።